ደሴን ለማየት በነሐሴ

እኛ የምንኖረው ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ሆኖም ደሴን አይተናል ማለት አንችልም ነበር። የምንሄደው ወይ ለሕክምና፣ ወይ ለገበያ፣ ወይ ለክርክር ነው። ጉዳያችን ሲያልቅ ቀና ብለን ሳናይ እንመለሳለን።

የልጆቻችን አያት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በስተርጅና ፊደል ቆጥረው ማንበብ ቻሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይደጋግሙ ጀመር። «እስከ ዛሬ ደሴ የሄድኩት ሰው እየመራኝ ነው። አንድ ቀን ራሴ ጽሑፉን እያነበብኩ ልዙራት» ይሉናል። እኛም እሺ አልናቸው።

በነሐሴ ወር ከአረም ሥራ ባረፍንበት አንድ ቀን ለጉዞ ተነሣን። አምስት ነበርን። እኛ ባልና ሚስት፣ እማማ፣ የዐሥር ዓመት ልጃችንና የአራት ዓመት ታናሽ ወንድሟ። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ወጥታለች። እማማ ግን ወደ ሐረጎ ተራራ አሻቅበው አዩ። አናቱ በደመና ተሸፍኗል። «ጋቢ ያዙ፤ ለልጁም ቅያሪ ልብስ አትርሱ» አሉን። «በዚህ ፀሐይ ማን ጋቢ ይሸከማል?» ብለን ተውነው። የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነው።

ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው? ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች። ደሴ ግን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። በየ100 ሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ኮምቦልቻ ሞቆ ደሴ ሊበርድ ይችላል።

መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውጣት ሲጀምር ጉም ዋጠን። ጉም ሌላ ነገር አይደለም፤ መሬት የነካ ደመና ነው። እርጥብ አየር ተራራውን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለውም እንፋሎት ደቃቅ የውሃ ጠብታ ይሆናል። እነዚህ ጠብታዎች ዐይን ይጋርዳሉ። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ጡሩምባ እየነፋ በዝግታ ነዳ። አንድ ተሳፋሪ «በእግራችን ብንሄድ ይሻል ነበር» ብሎ አጉረመረመ። እማማ ግን ሾፌሩን «ልጄ፣ ቀስ በል፤ ደሴ የትም አትሄድም» አሉት። ሁሉም ሳቀ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለብን። ሾፌራችን በዝግታ ይነዳ ስለነበረ ጥግ ይዞ አሳለፈው። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ ሰው የለም።

ደሴ ስንደርስ የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። እማማ ግን አላዘኑም። የሱቁን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ማንበብ ያዙ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው «ወይዘሮ ስኂን» ብለው አነበቡ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ብዙ የወሎ ልጆችን አስተምሯል።

ከዚያም አይጠየፍን ከውጭ ቆመን አየን። አይጠየፍ ራስ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ ነው። እሳቸው በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለዋል። የአዳራሹ ስም ድኻ ሀብታም ሳይል ሁሉን ያስተናግዳል፣ ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው። የከተማዋም ስም ታሪክ አለው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓመታት እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ በደስታ ስፍራውን ደሴ አሉት ተብሎ ይነገራል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቅ ብልጭ አለ። ልጃችን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች በዝግታ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ስትል ነጎደ። የመብረቁ ብርሃን ወዲያው ይታየናል። ድምፁ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ስድስት ከተቆጠረ መብረቁ ከ2 ኪሎ ሜትር ያህል አይርቅም። ሠላሳ ሳንቆጥር ከነጎደ ቤት ገብቶ መጠለል ያስፈልጋል። እኛ ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ ስንሮጥ ልጅቱ «ዛፍ ሥር አይሆንም! መብረቅ ከፍ ያለውን ነው የሚመታው» ብላ ጎተተችን። ሮጠን አንድ ሻይ ቤት ገባን።

ትንሹ ልጅ ግን ርሷል። ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከንፈሩም ጠቆረ። ቅያሪ ልብስ የለንም። ደነገጥን። የሻይ ቤቷ ባለቤት «ቆማችሁ ምን ታያላችሁ? እርጥቡን አውልቁለት!» አለችን። በፎጣ አደረቀችው፤ የራሷንም ጋቢ አለበሰችው። ከዚያ ሞቅ ያለ ሻይ በስኳር አጠጣነው። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ይሰርቃል። በላዩ ላይ ሌላ መደረብ አይበቃም፤ መውለቅ አለበት። አንድ ሰውዬ ለእኛ አረቄ ጋበዘን። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀትን ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል። አመስግነን ሻይ ጠጣን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ይስቅ ጀመር።

አመሻሽ ላይ ኮምቦልቻ ተመለስን። እዚያ ዝናብ የለም። መንደራችን ከመድረሳችን በፊት የምንሻገረው ወንዝ ግን ደፍርሶ ይጎርፋል። ጠዋት ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። ከእኛ አንዱ፣ አባወራው፣ «ላሟ አልታለበችም። ይኸ ከጉልበት አያልፍም፤ ልጆቹን አዝለን እንሻገር» አለ። እውነትም ላሟ የቤታችን ገቢ ናት። እማማ ግን በትራቸውን መሬት ተክለው «ላሟ ነገም ትታለባለች። ልጅ በውሃ ከሄደ አይመለስም» አሉ።

ስንከራከር አንድ ግንድ ውሃው እያንከባለለ አመጣው። ልንሻገርበት ባሰብነው ቦታ አለፈ። ዝም ተባባልን። ፈጣን ጎርፍ ከጉልበት በታች ሆኖ እንኳ ዐዋቂ ሰው ይጥላል። የደፈረሰ ስለሆነም ጉድጓዱና ድንጋዩ አይታይም። እኛ ዘንድ ሳይዘንብ ላይኛው አገር ከዘነበ ጎርፉ ይደርሰናል። ተመልሰን ከተማ ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት ውሃው ጎድሎ ተሻገርን። ላሟ እየጮኸች ጠበቀችን። የቀረብን የአንድ ማታ ወተት ብቻ ነው።

እማማ አሁን ሌላ ቀጠሮ ይዘዋል። «ጦሳን ሳላየው መጣሁ። በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ እንሄዳለን» ይላሉ። እኛም እሺ ብለናል። ያን ጊዜ ፀሐይ ብትወጣም ጋቢያችንን እንይዛለን።

ጥያቄዎች
1. ኮምቦልቻ ሞቆ ደሴ የሚበርደው ለምንድን ነው?
2. መብረቅ ብልጭ ብሎ ዘጠኝ ስንቆጥር ቢነጉድ፣ መብረቁ ምን ያህል ይርቃል?
3. ልብሱ ርሶ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ቢያጋጥማችሁ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
4. በመንደራችሁ አቅራቢያ በክረምት የሚሞላ ወንዝ አለ? ሰዎች መቼና የት ይሻገሩታል? ተወያዩበት።