የአያቶቻችን ጉልበትና የልጆች ጌም

በአዋሽም ሆነ በሰመራ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከሱጁድ ለመነሳት የሚቸገሩ እናቶችና አባቶች አሉ። «ካመመ መቀመጥ ነው» ማለት ግን አይበጅም። መገጣጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል፤ የሚደግፈው ጡንቻም ይደክማል።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. «ዊ» የተሰኘ የጌም መጫወቻ መሣሪያ አወጣ። ተጫዋቹ እጁንና ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ ስለሚጫወት በውጭ አገር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አረጋውያንን አለማምደውበታል። ጥቅሙ ከእንቅስቃሴው እንጂ ከስክሪኑ አይደለም። በአውራ ጣት ብቻ የሚጫወቱት የሞባይል ጌም ለጉልበት አይረዳም።

ስለዚህ ያለ መሣሪያውም መጫወት ይቻላል። ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አያት ከጠንካራ ወንበር 10 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፤ የልጅ ልጅ ነጥብ ይያዝ። ቀጥሎም ተቀምጠው እግራቸውን በየተራ ዘርግተው እስከ 5 ይቁጠሩ። ሕመሙ ከጨመረ ቁጥሩን ይቀንሱ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ካተኮሰ ግን ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ አይውሰዱ። ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። በእኛ አገር ሙቀት ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ኩላሊትን የመጉዳት አደጋው ይብሳል።

ቆሞ መስገድ ላልቻለ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተቀምጦ መስገድን ፈቅደዋል። ስለዚህ ጉልበት አመመ ተብሎ መስጂድ አይቅር። አላህ ዓፊያ ያድርገን!