ከኮምፒዩተር ገበታ ወደ እጅ ሙያ፦ ስለ ሥራ ዝለትና ስለ ሠራተኛው ክብር



በጎንደርና በዙሪያዋ የኮምፒዩተር ትምህርት የብዙ ወጣቶች ተስፋ ሆኗል። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሥራውን የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የኮደሮች ሥልጠናም 5 ሚሊዮን ሰዎችን ለማሠልጠን ያለመ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር ወላጆቹ በሬ ሸጠው ያስተማሩት ልጅ፣ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ተመልሶ «ፕሮግራም መጻፉን ትቼ የኤሌክትሪክ ዝርጋታና የውሃ ፓምፕ ጥገና ልማር ነው» ቢል ቤተሰቡ ምን ይለዋል? ምክር ፍለጋ ወደ እናንተ ቢመጣስ ምን ትመልሱለታላችሁ? የዚህ ትምህርት ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድናዘጋጅ መርዳት ነው።

1. የሥራ ዝለት ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ የሥራ ዝለትን በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ግን ገልጿል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መማረር፣ እንዲሁም የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ስለዚህ የዛለውን ሰው ሰነፍ ማለት ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚዝለው አብዝቶ የደከመው ነውና።

የሶፍትዌር ሥራ የራሱ ፈተና አለው። ፕሮግራም ተሠርቶ አለቀ የሚባልበት ጊዜ እምብዛም የለም፤ በአንድ በኩል ሲታረም በሌላ በኩል ይበላሻል፤ ጥሪው ሌሊትም ይመጣል፤ የተጠቀመውንም ሰው ሠሪው በዓይኑ ላያየው ይችላል። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ እንጀራቸው በመስመሩ ላይ ለተመሠረተ ሰዎች ሸክሙ የበለጠ ከብዶ ነበር።

2. ዕረፍት ይቅደም፣ ውሳኔ ይከተል

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ከታላቅ ድል በኋላ ዝሎ፣ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ሲለምን እናገኘዋለን። እግዚአብሔር ግን ወዲያውኑ አልገሠጸውም፤ አዲስ ተልእኮም አልሰጠውም። በመጀመሪያ እንቅልፍ፣ ከዚያም እንጀራና ውሃ፣ እንደ ገናም እንቅልፍና ምግብ ሰጠው። አዲሱ ሥራ የተነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ በኮሬብ ተራራ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የዛለ ሰው በዛለበት ሰዓት የሚወስነው ውሳኔ ከሥራው ይልቅ ከድካሙ የሚመነጭ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ ይረፍ፣ ይብላ፣ ይተኛ፤ ሐዘኑ ከበረታ ሐኪም ያማክር። ካረፈ በኋላም የእጅ ሙያው ፍላጎት በልቡ ከጸና በቁም ነገር ሊታይለት ይገባል።

3. የእጅ ሙያ ውርደት ነውን?

በአገራችን ትልቁ መሰናክል እዚህ ላይ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ በምትገኘው ወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያን በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። የደጋው ገበሬ ማረሻና ማጭድ እየሠሩለት፣ እርሱ ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። በእጃቸው ሥራ እየኖሩ እጃቸውን መናቅ ምን ያህል ግፍ ነው! ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ ሙያ መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ይህ ንቀት አገርን እንደሚያደኸይ ተረድተው ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም «ኮምፒዩተር ትተህ ብረት ልትበይድ?» የሚለው የቤተሰብ ቃል የዚያው ንቀት ቅሪት ነው።

የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ለማቃለል ያነሡት ጠራቢነቱን ነበር (ማር. 6፡3)። ቅዱስ ጳውሎስ የሕግ ትምህርት የተማረ ሲሆን በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፡1-3)። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት መልእክታቸው፣ የሥራ ክብር ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠራተኛው ሰው ከመሆኑ እንደሚመነጭ አስተምረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስማቸውን ስለ መረጡበት ምክንያት ሲናገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት የጻፉትን ሊዮ 13ኛን አስታውሰው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመንም የሥራ ክብር መጠበቅ እንዳለበት አሳስበዋል።

የእጅ ሙያ አእምሮን ሥራ ፈት የሚያደርግም አይደለም። አሜሪካዊው ማቲው ክሮፎርድ በፍልስፍና የዶክትሬት ዲግሪ ይዞ በአንድ የጥናት ተቋም ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ የሞተር ብስክሌት መጠገኛ ከፈተ፤ የጥገና ሥራ ምን ያህል ማሰብን እንደሚጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። በእርግጥም ፕሮግራም ሠሪው ስሕተት የሚፈልግበት ዘዴ፣ ማለትም ችግሩን ከፋፍሎ አንድ በአንድ መፈተን፣ ውሃ መሳብ ያቆመ ፓምፕ ፊትም ያገለግለዋል፦ ኃይል ደርሷልን? ሞተሩ ይዞራልን? ቧንቧው አየር ስቧልን? ስለዚህ የቀድሞው ትምህርት አልጠፋም፤ የተሸጠውም በሬ በከንቱ አልተሸጠም።

4. ከመወሰን በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

ይህን ስንል የእጅ ሙያ ድካም የለውም ማለታችን አይደለም። ወገብ ይታመማል፤ የኤሌክትሪክ አደጋ አለ፤ ገቢውም እንደ ወር ደመወዝ በቀኑ አይደርስም። ስለዚህ፦

ሀ) ያደከመው ሙያው ነው ወይስ የሥራ ቦታው? አሠሪን ወይም የሥራ ሰዓትን መለወጥ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ለ) ሥራውን ቀምሶታልን? ከባለ ሙያ አጠገብ ሆኖ ጥቂት ወራት መሥራት፣ ወይም እንደ ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ባሉ ማሠልጠኛዎች መማር ከመቸኮል ያድናል።

ሐ) በእርሱ ላይ ተስፋ ያደረጉት እነማን ናቸው? ታናናሾቹን የሚያስተምር ወይም ዕዳ ያለበት ሰው ቤተሰቡን አማክሮ ቀስ በቀስ ይሻገር።

መ) ዳግመኛ እንዳይዝል ምን አስቧል? ሰንበትን የማያከብር ሰው መዶሻ ቢይዝም ይዝላል።

ውድ መምህራን፤ እንዲህ ያለ ወጣት ወደ እናንተ ሲመጣ አስቀድማችሁ አድምጡት፤ ከዚያም ወላጆቹን አነጋግሩ። ልጃቸው እንዳልወደቀ ከአፋችሁ መስማት ለእነርሱ ታላቅ መጽናኛ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ባለ እጅ ሙያዎችን የምንጠራባቸው ስሞች ክብራቸውን ይጠብቃሉን?
2. እግዚአብሔር ለኤልያስ ዕረፍትን ከተልእኮ ያስቀደመው ለምንድን ነው?
3. በሥራ የዛለ ወንድም ወይም እኅት በመካከላችን ቢኖር ምን ዓይነት ዕረፍት ልንሰጠው እንችላለን?