ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ረዳ፣ ተረዳ፣ ተረዳዳ

ሀ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ግን ግሦቹን ልብ በሉ፤ ማን ማንን ምን እንዳደረገው፣ ማንስ ከማን ጋር ምን እንዳደረገ እየለያችሁ እለፉ። ከምንባቡ በኋላ የሚመጣው የሰዋስው ትምህርት የሚነሣው ከዚሁ ልዩነት ነው።

ግንቦት 3 ቀን 1927 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 11 ቀን 1935) ቅዳሜ ዕለት፣ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት አክሮን በምትባል ከተማ፣ አንድ የኒውዮርክ ሰው በሜይፍላወር ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ነበር። አክሮን በዚያን ዘመን የመኪና ጎማ በሚሠሩ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሰውዬው ቢል ዊልሰን ይባላል። በአክሲዮን ገበያ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ወደ አክሮን ያመጣው የንግድ ጉዳይ ከሽፎበታል፤ ባልደረቦቹ ሄደዋል፤ በኪሱ የቀረው ገንዘብም ጥቂት ነው። በአዳራሹ በአንደኛው በኩል ካለው መጠጥ ቤት ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው በኩል ስልክና የከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ።

ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት በመጠጥ የተጠቃ ነበር። ሥራውንና ክብሩን በመጠጥ አጥቶአል፤ ለሕክምና በተደጋጋሚ ሆስፒታል ገብቶ ወጥቶአል። የመጨረሻውን መጠጥ የቀመሰው ታኅሣሥ 2 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአምስት ወራት በኒውዮርክ ሰካራሞችን እየፈለገ፣ አንዳንዶቹንም ቤቱ ድረስ እያመጣ፣ መጠጥን እንዲተዉ ይመክራቸው፣ ያስረዳቸው፣ ይገሥጻቸውም ነበር። ከእነርሱ መካከል አንድም የተወ አልተገኘም። በዚህ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ሚስቱ ሎይስ አንድ ነገር አስታወሰችው፤ ይኸውም እርሱ ራሱ በነዚህ ወራት ሁሉ ሳይጠጣ መቆየቱን ነው። ያከመው ሐኪምም ስብከቱን ቀነስ እንዲያደርግ መክሮት ነበር።

በአክሮን ሆቴል በዚያች ሰዓት የተገለጠለት ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ወደ መጠጥ ቤቱ እንዳይገባ ከፈለገ ሌላ ሰካራም ማግኘት ያስፈልገዋል። የሚፈልገው ለዚያ ሰካራም ሲል ብቻ ሳይሆን፣ ለራሱም ሲል ነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ የቄሶችን ስልክ እየመረጠ መደወል ጀመረ። ሰውዬው መጠጥ የተወ ሰው ሆኖ ሳለ ሰካራም አፈላልጉልኝ ማለቱ ለሰሚው እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ከብዙ ጥሪ በኋላ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት ተገኘች፤ እርሷም ከአንድ ሐኪም ጋር ልታገናኘው ቃል ገባች።

ሐኪሙ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ይባላል። በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነው፤ ነገር ግን በስካሩ ምክንያት ሥራው ሊያመልጠው ደርሶአል። በማግሥቱ እሑድ፣ በእናቶች ቀን፣ ወደ ሄንሪየታ ቤት ሲመጣ ከባድ የስካር ማግሥት ሕመም ነበረበት። ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ለብቻቸው ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ተነጋገሩ።

ምን ተነጋገሩ? ሐኪሙ መጠጥ ጉበትንና አንጎልን እንደሚጎዳ ከእንግዳው የበለጠ ያውቃል፤ ለብዙ በሽተኞችም ይህንኑ ነግሮአል። ቢል ዊልሰን በዚያን ቀን አልመከረውም። የገዛ ራሱን ታሪክ ነገረው፤ እንዴት እንደ ደበቀ፣ እንዴት እንደ ዋሸ፣ ስንት ጊዜ ምሎ ስንት ጊዜ መሐላውን እንዳፈረሰ። ሐኪሙም የራሱን ነገረው። ከዚያ በፊት ስለ ስካር ከሐኪሙ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች ብዙዎች ነበሩ፤ ነገሩን በራሱ ላይ ደርሶበት የሚናገር ሰው ሲያጋጥመው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ያማረ ተረት ይሆን ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሐኪሞች ጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ጊዜ እንደገና ሰከረ፤ ሰክሮም ተመለሰ። ቀዶ ሕክምና የሚያደርግበት ቀን ደርሶ ስለ ነበር፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ በዚያች ጠዋት አንድ ጠርሙስ ቢራ የሰጠው ራሱ ቢል ዊልሰን ነው። ያ ቢራ የመጨረሻው ሆነ። ቀኑ ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. (ጁን 10 ቀን 1935) እንደ ነበር ይነገራል፤ ማኅበሩም የተመሠረተበት ዕለት አድርጎ የሚያከብረው ይህንኑ ቀን ነው። ዶክተር ስሚዝ ኅዳር 7 ቀን 1943 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም።

በዚያው ወር ሁለቱ ወደ አክሮን ከተማ ሆስፒታል ሄደው፣ በስካር ብዛት ከአልጋው ጋር ታስሮ የነበረ አንድ ጠበቃ ጎበኙ። ሦስተኛው አባል እርሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1939 ልምዳቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ የመጽሐፉም ስም፣ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ»፣ የማኅበሩ ስም ሆኖ ቀረ። በአማርኛ «ስማቸው የማይገለጽ የመጠጥ ሱሰኞች» ብንለው ያስኬዳል። ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል።

አሠራሩ ለእኛ አገር ዕድርተኛ በከፊል የሚገባው፣ በከፊልም የሚያስገርመው ነው። አባላቱ በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ። ዳኛ የለም፤ መዋጮ በግዴታ አይከፈልም፤ ለቤት ኪራይና ለቡና የሚሆን ገንዘብ የሚወጣው በመጨረሻ ከሚዞረው ቆብ ወይም ሣጥን ነው፤ ከአባላቱ ውጭ ካለ ሰው ወይም መንግሥት ርዳታ አይቀበሉም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም መጠጥ ለመተው መፈለግ ነው። ተናጋሪው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይጠራና ሱሰኛ መሆኑን ተናግሮ ታሪኩን ይጀምራል። ሲናገር አያቋርጡትም፤ ሲጨርስም አይፈርዱበትም። አዲስ ለመጣው ሰው ከቀደሙት አባላት አንዱ ጓደኛ ይሆነዋል፤ ሌሊትም ቢሆን ፍላጎቱ ሲነሣበት ይደውልለታል። «ዕድሜ ልኬን አልጠጣም» ብሎ ማንም አይምልም፤ የሚገባው ቃል ለዛሬ ብቻ ነው። በመሐላና በግዝት መጠጥ የሚተው ሰው በእኛ አገር ብዙ ነው፤ መሐላው በፈረሰ ማግሥት ግን ኀፍረቱ ከፊተኛው የባሰ ወደ መጠጥ ሲነዳው ይታያል። የአንድ ቀን ቃል የፈረሰበት ሰው በሁለተኛው ቀን እንደገና ሊገባው ይችላል።

መጠጥ የሚጎዳው የጠጪውን ቤተ ሰብ ጭምር ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ሎይስ ዊልሰንና ጓደኞቿ ለሱሰኛ ዘመዶች የሚሆን ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ የመጠጥ ሱሰኛ ልጅ፣ በእናንተ ዕድሜ አካባቢ የነበረ ወጣት፣ ለእኩዮቹ የሚሆነውን ጀመረ።

ይህ መንገድ ለሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው የሃይማኖት መንፈስ የማይመቻቸው አሉ፤ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም እጅ ማለፍ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ በድምሩ 10,565 ሰዎች የተካተቱባቸውን፣ መርምሮ ነበር። ሱሰኞችን ወደዚህ ማኅበር የሚመራው ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በማስተው ረገድ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ እንዲያውም በብዙው እንደሚበልጥ አመልክቶአል።

ለ. የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ «ሰካራም» እና «ሱሰኛ» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ የገቡ ይመስላሉ። ነገር ግን እኩል አይደሉም። «ሰካራም» እንደ «ሆዳም» ያለ፣ ነውርን ለባለቤቱ የሚለጥፍ ቅጽል ነው፤ ተናጋሪው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። «ሱሰኛ» ከ«ሱስ» በ«-ኛ» የረባ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን የምስጋና ቃል አይደለም፤ ሆኖም ሰው ስለ ራሱ ሊናገረው ይችላል። ሁለቱ ቃላት የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጡና፣ ቃላቱን አለዋውጣችሁ አንብቡአቸው። የቱ ዐረፍተ ነገር ተበላሸ?

ሐ. ሰዋስው፦ ተደራራጊ ግሥ

አዕማደ ግሥ አምስት መሆናቸውን ባለፈው ትምህርት አይተናል። እነርሱም አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። «ገደለ» የሚለው ግሥ «አስገደለ፣ ተገደለ፣ ተጋደለ፣ አጋደለ» እያለ ይረባል። አሁን «ረዳ» የሚለውን እንመልከት፦ ረዳ፣ አስረዳ፣ ተረዳ፣ ተረዳዳ፣ አረዳዳ።

ይህ ግሥ ሲረባ ትርጉሙ ቀጥ ብሎ አይሄድም። «አስረዳ» በደንቡ «ሌላው እንዲረዳ አደረገ» ማለት መሆን ሲገባው፣ በልማድ «ገልጦ ነገረ» ሆኖአል። «ተረዳ»ም «ርዳታ ተደረገለት» ከማለት ይልቅ «ነገሩ ገባው» ለማለት ይውላል፤ መርዶ ለተነገረውም ሰው «ተረዳ» ይባላል። «ተረዳዳ» ግን ከ«ረዳ» ትርጉም ፈቀቅ አላለም። ቢል ዊልሰን በኒውዮርክ ሰካራሞቹን አስረዳቸው፤ በአክሮን ከሐኪሙ ጋር ተረዳዳ። የምንባቡ ታሪክ ከአንዱ ዐምድ ወደ ሌላው የተደረገ ጉዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተደራራጊ ግሥ በሁለት መንገድ ይመሠረታል። አንደኛው «ተ-» በፊት ሲገባ የመጀመሪያው የግሡ ፊደል ወደ ራብዕ ሲለወጥ ነው፦ መከረ፣ ተማከረ፤ ከሰሰ፣ ተካሰሰ፤ ጠላ፣ ተጣላ። ሁለተኛው ከግሡ ፊደላት አንዱ ሲደገም ነው፦ ነገረ፣ ተነጋገረ፤ ደገፈ፣ ተደጋገፈ፤ ጠየቀ፣ ተጠያየቀ። በሁለቱም መንገድ የሚሄዱ አሉ፤ «ተማከረ» እና «ተመካከረ» እንደሚባለው ያለ።

አድራጊው ግሥ «ን» ያለበት የሰው ተሳቢ ይቀበላል፦ «ሐኪሙ በሽተኛውን መከረ።» ተደራራጊው ግን አይቀበልም። «ሐኪሙ በሽተኛውን ተማከረ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ሐኪሙና በሽተኛው ተማከሩ»፣ ወይም «ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር ተማከረ» ይባላል። ተሳቢ የነበረው ሰው ከባለቤቱ ጎን ይሰለፋል፤ ወይም በ«ከ… ጋር» ይታጀባል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ልብ በሉ። መካሪው ተለዋወጠ እንጂ ተመካሪው ሦስት ጊዜ ያው ተሳቢ ነው። በምንባቡ ውስጥ ያለው ሐኪም ሰውም መከራም መክረውት ያልተወ ነበር።

አምስተኛው ዐምድ፣ አደራራጊው፣ ሁለት ሰዎች ነገሩን እርስ በርሳቸው እንዲያደርጉት መንገድ የሚከፍተውን ሦስተኛ ሰው ያመለክታል። ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ ሁለቱን ሰዎች አገናኘቻቸው እንጂ ከእነርሱ ጋር ስድስት ሰዓት አልተቀመጠችም። «አገናኘች» ከ«ተገናኙ» ጋር ያለው ዝምድና «አነጋገረ» ከ«ተነጋገሩ» ጋር ካለው ጋር አንድ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ፦ ፊደሉ የተደገመ ሁሉ ተደራራጊ አይደለም። «ተመላለሰ» ደጋግሞ መሄድን ያሳያል፤ «ተሳሳተ» የሚለውን ለመፈጸም ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም።

መ. መልመጃ

ከምንባቡ ውስጥ ተደራራጊና አደራራጊ ግሦችን አውጥታችሁ ከየትኛው አድራጊ ግሥ እንደ ረቡ አሳዩ።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ ተደራራጊ ለውጡ፤ ተሳቢው ወዴት እንደሄደም ተናገሩ።

1. አሮጌው አባል አዲሱን አባል ደገፈው።
2. ጠበቃው ሐኪሙን ስለ ሕመሙ ጠየቀው።
3. እኅቲቱ ወንድሟን ሌሊት ጠበቀችው። (ከለወጣችሁት በኋላ ትርጉሙ እንዳለ መቆየቱን መርምሩ።)

«አባቱ ልጁን ተነጋገረ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ያለውን ስሕተት በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ አርሙ።

ሠ. ድርሰት

አንድ ሱስ የያዘው ሰው ቤት ውስጥ ስለሚደረግ የአንድ ምሽት ንግግር ሁለት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሁሉም ሰውየውን ይናገሩት፤ ግሦቻችሁ አድራጊና አስደራጊ ብቻ ይሁኑ። በሁለተኛው አንቀጽ ያው ምሽት፣ ያው ቤት፣ ያው ሰው ይሁን፤ ነገር ግን ቢያንስ አምስት ተደራራጊ ግሦች ይግቡበት። ሱሱ የመጠጥ፣ የጫት፣ የሲጋራ ወይም የቁማር ሊሆን ይችላል።

ከእናንተ መካከል የሚጽፈውን ታሪክ ከገዛ ቤቱ የሚያመጣ ይኖራል። እንዲህ የሆነ እንደሆነ በድርሰቱ ውስጥ የማንንም ስም አትጻፉ። መምህሩ ድርሰቶቹን ለብቻው አንብቦ ይመልሳል፤ በክፍል ውስጥ የሚነበበው ራሱ ጸሐፊው እጁን አውጥቶ ላንብብ ያለው ብቻ ነው።