የነፋስ መረጃና የመቆጣጠሪያው ማማ

በጋፋት አካባቢ በአውድማ ላይ የቆመ ገበሬ እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ከመበተኑ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያጤናል። በአውሮፕላን ማረፊያ ማማ የሚሠራ ተቆጣጣሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የእርሱ ስሕተት ግን ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል። ለመሆኑ የነፋስ መረጃ በማማው ውስጥ ምን አገልግሎት ይሰጣል?

አውሮፕላንን በአየር ላይ የሚያቆየው ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ሳይሆን በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ፍጥነት ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ይነሣል፤ ያርፋልም። የቦሌ መንደርደሪያዎች 07 እና 25 የተባሉት ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ስለሚያመሩ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲበረታ 07፣ ከምዕራብ ሲበረታ 25 ይመረጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት በመሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት። በዚህ ላይ ነፋስ ከኋላ ቢነፍስ የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ይረዝማል።

የነፋስ መለኪያው እንደ ደንቡ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተከላል። ማማው የ2 ደቂቃውን አማካይ ወስዶ አቅጣጫውን በዲግሪ፣ ፍጥነቱን በኖት ለአብራሪው ይነግራል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ሁሉን አይገልጥም። በክረምት ዝናብ ከመጣሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ፊታችንን ይመታናል። ይህ ከነጎድጓድ ደመና ወርዶ በምድር ላይ በየአቅጣጫው የተበተነ አየር ነው። በ140 ኖት የሚያርፍ አውሮፕላን በዚህ አየር ውስጥ ሲያልፍ በመጀመሪያ የ20 ኖት ነፋስ ከፊቱ ይገጥመዋል እንበል። ወዲያው ነፋሱ ተገልብጦ ከኋላው በ10 ኖት ቢነፍስ፣ በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ወደ 110 ኖት ይወርዳል። ዊንድ ሺር የሚባለው እንዲህ ያለው ድንገተኛ ለውጥ ነው። መሬት ቅርብ በመሆኑ አብራሪው የሚያገግምበት ጊዜ አጭር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 በኒውዮርክ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ የዚህን ኃይል አሳየ፤ ሳይንቲስቱ ቴትሱያ ፉጂታም መንስኤውን መረመሩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ታላላቅ ማረፊያዎች መለኪያዎች በመንደርደሪያው ዙሪያ ተተከሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሲሰፋ ማማው ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ቀድሞ ያረፈው አብራሪ ያጋጠመውን ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም ለተከታዩ ያስተላልፋል።

ለማረፍ ወይም ከፍ ብሎ ለመመለስ የሚወስነው አብራሪው ነው። በጊዜው የደረሰች አንዲት የማማ ቃል ግን ውሳኔውን ልታስተካክልለት ትችላለች።