ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፦ ሒሳብን ስለ መማርና ስለ ማስተማር



ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት በምኒልክ አደባባይ የሚያልፍ ሰው፥ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ሰንበት ት/ቤታችን አዳራሽ የሚጣደፉ ልጆችን ያያል። የሚመጡት ለመዝሙር ጥናት ብቻ አይደለም። ከመዝሙሩ በፊት የአንድ ሰዓት ተኩል የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ ሒሳቡን የማስተምረው እኔ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ ቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማይቱ ዳር የተዛወሩ ልጆች እንኳ ሁለት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ። ስለዚህ ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው። እርስዋን ማባከን የልጆቹን ድካምና የወላጆቻቸውን ገንዘብ ማባከን ነው። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አባክኛታለሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

ስሕተቴ እንዲህ ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጥያቄና በመልስ እሞላዋለሁ፤ እያንዳንዱን ርምጃ አስረዳለሁ፤ በመጨረሻም «ገብቷችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አዎ!» ይሉኛል በአንድ ድምፅ። እነርሱ ይገለብጣሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ የፈተና ውጤት ሲመጣ ግን ያ ሁሉ «አዎ» የት እንደ ገባ ጠፋኝ። ከሁሉም ይልቅ ትጉ የነበረች፥ ደብተርዋ እንደ ታተመ መጽሐፍ የጠራ፥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል እኅታችን የፈተና ወረቀትዋን አጣጥፋ ሰጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«ቲቸር፥ አንተ ስትሠራው እኮ ሁሉም ይገባኛል። ብቻዬን ስሆን ግን ከየት እንደምጀምር እንኳ አላውቅም። እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም መሰለኝ። ለከርሞ ማኅበራዊ ሳይንስ እገባለሁ።»

ማኅበራዊ ሳይንስን ወዶ መምረጥ መልካም ነው። ከሒሳብ ሸሽቶ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም የዚህች እኅት ችግር የእርስዋ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፥ የክፍል መጣበብ አለ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ አለ። እነዚህን እኔና እናንተ በአንድ ቅዳሜ ልንለውጣቸው አንችልም። ይሁን እንጂ በእጃችን ያለችውን ሰዓት እንዴት እንደምንጠቀምባት መወሰን እንችላለን። በዚህ ረገድ ተመራማሪዎች በሙከራ ያረጋገጡትንና እኔ በአዳራሻችን ያየሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

1ኛ/ መከታተል መቻል አይደለም

እናትዋ እንጀራ ስትጋግር አሥር ዓመት ያየች ልጅ፥ ራስዋ ሊጡን ምጣዱ ላይ ስታዞር የመጀመሪያው እንጀራ ዐይን የለውም። ማየትና ማድረግ ሁለት ናቸውና። ሒሳብም እንዲሁ ነው። መምህሩ ሲሠራ መንገዱን የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ተማሪው የተመረጠለትን መንገድ ይከተላል። መከተሉ ቀላል ስለሆነ ዐወቅሁ ብሎ ያስባል።

ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሒሳብ በሳተላይት፥ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ትምህርቱ በተዘጋጀበት ፍጥነት ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ሊለው አይችልም። እኔም ጠመኔ ይዤ፥ ሳላውቀው፥ ፕላዝማ ሆኜ ነበር።

2ኛ/ ለጀማሪ በመጀመሪያ የተሠራ ምሳሌ ይቅደም

ይህን ስረዳ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ምንም ሳላሳይ ከባድ ጥያቄ ሰጥቼ «ሥሩ» አልኳቸው። ይህም አልሆነም፤ ዝም ብለው ወረቀቱን ሲያዩ ሰዓቱ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያ ጆን ስዌለርና ግራም ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በአልጀብራ ላይ ባደረጉት ጥናት፥ ጀማሪዎች ጥያቄ ብቻ እየተሰጣቸው ከሚታገሉ ይልቅ በሚገባ የተሠሩ ምሳሌዎችን እያጠኑ ቢለማመዱ በአጭር ጊዜ የተሻለ እንደሚማሩ አሳይተዋል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ጀማሪው መንገዱን ሲፈልግ ጉልበቱን ስለሚጨርስ ከመንገዱ የሚማርበት ኃይል አይተርፈውም።

እንግዲያስ ዘዴው ምሳሌውን ማስቀረት ሳይሆን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ለምሳሌ 3ሀ + 5 = 20 የሚለውን ሙሉ በሙሉ እሠራለሁ፦ ከሁለቱም ወገን 5 ሲቀነስ 3ሀ = 15፤ ለ3 ሲካፈል ሀ = 5። በሁለተኛው ጥያቄ የመጨረሻውን ርምጃ ባዶ እተዋለሁ። በሦስተኛው ሁለቱን ርምጃ እተዋለሁ። አራተኛውን ተማሪው ብቻውን ይሠራል። በየርምጃውም «ይህን ለምን አደረግን?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጅን መሄድ ስናስተምረው መጀመሪያ ሁለት እጁን፥ ቀጥሎ አንድ ጣቱን ብቻ እንደምንይዘው ማለት ነው።

3ኛ/ ደብተር ዘግቶ ማስታወስ

ብዙዎቻችን ጥናት የምንለው ደብተር ገልጦ ደጋግሞ ማንበብን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን አንድን ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አጠናው፤ ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያጠኑት 40 በመቶ ያህል፥ ለማስታወስ የታገሉት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። ጥናቱ የንባብ ቢሆንም ትምህርቱ ለሒሳብም ይሠራል።

ለእኛ ለሰንበት ተማሪዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ት/ቤት ተማሪው የተማረውን በየኔታ ፊት በቃሉ ሳይወጣ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የትናንቱንም ዛሬ ይከልሳል። እኛም አሁን ትምህርታችንን የምንጀምረው በአራት ጥያቄዎች ነው፤ ሁለቱ ካለፈው ሳምንት፥ አንዱ ካለፈው ወር፥ አንዱ ከመስከረም። ደብተር ተዘግቶ፥ በዐሥር ደቂቃ ይሠራሉ። ማርክ የለውም። መርሳት ባለበት መካከል ገብተን እንደገና ስናስታውስ ዕውቀቱ ይጸናል፤ በፈተና ዋዜማ በአንድ ሌሊት የተጫነ ግን በቶሎ ይፈስሳል።

4ኛ/ አቡጊዳ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሕፃን «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ሲወርድ ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ አይስትም። ታዲያ ሕፃኑ ያወቀው ፊደሉን ነው ወይስ ዜማውን? ይህ የሚለየው አቡጊዳ ሲመጣ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፦ አንዱ ግዕዝ፥ ቀጥሎ ካዕብ፥ ቀጥሎ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ተራው ይቀላቀላል። የሀሁ ዜማ ከዚህ አያድንም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆናል።

የሒሳብ መልመጃዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ሀሁ ናቸው። ስለ መቶኛ ከተማርን የሚከተሉት ሃያ ጥያቄዎች ሁሉ የመቶኛ ናቸው። ተማሪው በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ማሰብ አያስፈልገውም፤ የምዕራፉ ርእስ ነግሮታል። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ርእስ የለም። የእኅታችን «ከየት እንደምጀምር አላውቅም» የሚለው ቃል ምስጢሩ ይህ ነበር። መሥራት ታውቃለች፤ መምረጥን ግን ማንም አላስለመዳትም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ቅርጾች ይዘት እንዲያሰሉ አለማመዱ። አንዱ ቡድን በየዓይነቱ ተራ በተራ፥ ሌላው ደባልቆ ሠራ። በልምምዱ ጊዜ በተራ የሠሩት 89 በመቶ፥ ደባልቀው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተና ግን በተራ የሠሩት 20 በመቶ፥ ደባልቀው የሠሩት 63 በመቶ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ሮረርና ባልደረቦቹ በ54 የሰባተኛ ክፍል ክፍሎች ይህንኑ ሞክረው ከአንድ ወር በኋላ ሳይነገራቸው ሲፈትኗቸው የተደባለቀው 61 በመቶ፥ የተራው 38 በመቶ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አስተውል። የተሻለው መንገድ በልምምድ ጊዜ የከፋ መስሎ ይታያል። እኔም ጥያቄዎቹን ስደባልቅ ልጆቹ አጉረመረሙ፤ «ድሮ ይገባን ነበር፥ አሁን ግራ አጋባኸን» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ቀድሞው ልመለስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ መቸገራችሁ አለመቻላችሁን አያሳይም፥ ትምህርቱ በመሥራት ላይ መሆኑን ነው እንጂ።

5ኛ/ ስሕተትን አለማፈር፥ መልስንም መመርመር

አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። ቀድሞ በቀይ ሰርዤ አልፈው ነበር። አሁን ግን «ግማሽ ዳቦ ነበረህ፤ ሲሶ ጨመርኩልህ፤ ያለህ በዛ ወይስ አነሰ?» አልኩት። ጥቂት አሰበና «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል!» ብሎ ራሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ 3/6 እና 2/6 ተደምረው 5/6 እንደሚሆኑ ማሳየት ቀላል ሆነ። ሌላው ደግሞ ዋጋው 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ከቀነሰ ወደ ነበረበት ይመለሳል አለ። በ1,000 ብር ዕቃ ሞከርነው፤ 1,200 ሆነ፥ ከዚያ 960። የስሕተቱን ምክንያት የሚፈልጉት እርስ በርሳቸው ሆነ።

ልጆቻችን ማሰብ አይጎድላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚሸጡ ልጆች ተጠንተው ነበር። በገበያቸው ላይ ሒሳቡን 98 በመቶ ያህል በትክክል ሲሠሩ፥ ያው ስሌት በወረቀት በምልክት ብቻ ሲሰጣቸው 37 በመቶ ያህሉን ብቻ ሠሩ። በአደባባያችን ዙሪያ መልስ የማይሳሳት ሊስትሮና የታክሲ ረዳት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የመምህር ሥራ ከዚያ ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደ ምልክቱ ድልድይ መሥራት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ተገኘ?

ተአምር አላየሁም። አሁንም የሚወድቁ አሉ። ነገር ግን አንድ ቀን ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ደባልቄ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ሰጠኋቸው። የ2018 ዓ.ም.ን ወሰድን። 5500 ሲደመር 2018፥ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፥ 132፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ፥ 228፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ይህን ብዙዎቹ በቃላቸው ያውቁታል። «በየዓመቱ ድምሩ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው?» ስል ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ይህን አስተምሬያቸው አላውቅም።

ያቺ እኅታችን ጻፈች፤ ሰረዘች። እንደገና ጻፈች፤ ሰረዘች። በሦስተኛው እጅዋን አወጣች። «አንዱን ወንበር በ11ም በ19ም ስናባዛው ሁለቱ ተደምረው ወንበር በ30 ማለት ነው። እርሱ ደግሞ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የሁለቱ ትርፎች ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ «አልተፈጠርኩም» ስትል አልሰማኋትም። ለከርሞ ምን እንደምትመርጥ አላውቅም፤ የምትመርጠው ግን በፍርሃት እንደማይሆን ተስፋ አለኝ።

እንግዲህ ተማሪ የሆንክ ወንድሜ፥ ተማሪ የሆንሽ እኅቴ፥ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ዝጉና ያለፈውን ሳምንት አንድ ጥያቄ በባዶ ወረቀት ሥሩ። ከሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ሦስት ጥያቄ መርጣችሁ ደባልቁ። ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑም «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጠመኔውን ስጧቸውና «እስቲ አሳዩኝ» በሏቸው።

ይቆየን።