ከሳሪስ ስታዲየም፦ በኢንተርኔት መረጃ ታግዞ ሥራ በሰዓቱ መግባት

ሳሪስ ለሚኖር ሠራተኛ ከሥራው ይልቅ የሚከብደው ሥራ ቦታው መድረሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ታላቅ እህቴ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል መሥሪያ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። መግቢያ ሰዓቷ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን፣ በወር ሦስት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል። ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አርፍዳ ሦስተኛው እንዳይመጣ ስትፈራ፣ «አንተ ጋዜጠኝነት ትማር የለ? እስቲ ይሄ ኢንተርኔታችሁ መላ ካለው ፈልግልኝ» አለችኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያኔ ፈልጌ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ላካፍል እወዳለሁ።

የመንገዱ ሁኔታ

ከሳሪስ ወደ መሀል ከተማ የሚያስገባው ዋናው መንገድ የደብረ ዘይት መንገድ ነው። ከቃሊቲ የሚመጣውም፣ ከአቦ የሚነሣውም በዚሁ ያልፋል። ለተሳፋሪው ያለው አማራጭ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ታክሲና ቀላል ባቡር ነው። ባቡሩ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ በተዘረጋው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። ለሁለቱ የከተማዋ መስመሮች 41 ባቡሮች ቢገዙም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ በየጊዜው ቆመዋል። ስለዚህ ሐዲዱ ደጃፍ ላይ አለ ማለት ባቡሩ አለ ማለት አይደለም። ተሳፋሪው ማወቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ዛሬ፣ አሁን፣ የቱ ይሻለኛል?

ኢንተርኔት ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ካርታ። ጉግል ማፕም ሆነ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ የእግር መንገድን ርቀት ይለካሉ። እህቴ ሁልጊዜ የምትሳፈረው ከሳሪስ ፌርማታ ነበር፤ ባቡሩ ግን ከቃሊቲ ሞልቶ ነው የሚመጣው። በካርታው ስንለካ ከቤታችን ወደ ኋላ ተመልሶ አቦ ለመድረስ ከ20 ደቂቃ ያነሰ ነው የሚፈጀው። ወደ ኋላ መሄድ ሞኝነት ይመስላል፣ ግን እኮ ገና ሰው ባልበዛበት ትሳፈራለህ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ስልኩ 7 ሰዓት ሲል በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። የመነሻ ሰዓት ስትሞሉ ይህን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ለማግኘትና በዋጋ ለመከራከር ስትቸገር ሐሳቡ እንደመጣላት ተናግራለች። ኢንተርኔት የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መጥራት ይችላል። ፈረስን የመሰሉ ሌሎችም ስላሉ ግምታዊ ዋጋቸውን አስቀድሞ ማወዳደር ነው። እርግጥ በገንዘብ ተቀባይ ደመወዝ በየቀኑ አይሞከርም። የቸገረ ቀን ግን ለሦስት ለአራት ሆኖ መካፈል ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ክፍያ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር እንዲህ ላለው መካፈል ጥሩ ነው። አንዱ ይከፍላል፣ ሌሎቹ ድርሻቸውን ይልኩለታል፤ «ዝርዝር የለኝም» የሚባል ነገር አይኖርም።

ካርታው የማያውቀው

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ነገር ቀረ። ካርታው ሰልፉን አያውቅም። ሰልፉ ስንት ሰው እንደያዘ፣ ታክሲ እየገባ ይሁን አይሁን የሚያውቁት ተራ አስከባሪውና የቆመው ሰው ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ መንገድ የሚሄዱ ጎረቤቶቻችንን ሰብስበን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ቀድሞ የወጣው ያየውን ይጽፋል፤ ኋላ የሚወጣው አንብቦ ይወስናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን «ባቡር የለም» ብለው ጻፉ። እህቴ ደንግጣ ብቻዋን ታክሲ ጠራች፣ የሳምንት የትራንስፖርት ገንዘቧም በዚያው አለቀ። ንፋስ ስልክ ስትደርስ ባቡሩ በአጠገቧ አለፈ! ለካ ሰውየው ማታ ከሌላ ሰው የሰሙትን ነው ጠዋት የጻፉት። ክፋት የለባቸውም፤ ሊረዱ ፈልገው ነው።

እኔ ግን አፈርኩ። ክፍል ውስጥ «ማን? የት? መቼ?» እያልኩ እየተማርኩ ለገዛ ግሩፓችን ይህን ሕግ አላወጣሁለትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መልእክት ሦስት ነገር እንዲይዝ ተስማማን፦ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ «አየሁ» ወይስ «ሰማሁ» የሚለው። ለምሳሌ «ሳሪስ ታክሲ ተራ፣ 12፡40፣ አየሁ፣ ሰልፉ አጭር ነው»። ሰዓት የሌለው ወሬ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

የናይሮቢ ትምህርት

ተሳፋሪው የሚያውቀውን ሰብስቦ መጠቀም በእኛ አልተጀመረም። በናይሮቢ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች እየተሳፈሩ መስመሩንና ፌርማታውን መዘገቡ። በ2014 የመስመሮቹ ካርታ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ መረጃው ጉግል ማፕ ውስጥ ገባ። በእኛም ከተማ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የተመሠረተ «አዲስማፕ ትራንዚት» የተባለ መተግበሪያ ተሠርቷል። ሆኖም መስመር ሲቀየር፣ መንገድ ሲቆፈር የሚያርመው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኛ ተማሪዎች ብንሆን ምን ይለናል?

ማጠቃለያ

ሕጉ ከወጣ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት የእህቴ ደመወዝ አልተቆረጠም። አላረፈደችም ማለቴ አይደለም፤ ዝናብ የጣለ ቀን ማንም ያረፍዳል። ግን ሦስት አልሞላም። ስለዚህ ከሳሪስም ሆነ ከሌላ ሰፈር ለምትመላለሱ የትምህርት ክፍላችን ልጆች ምክሬ ይህ ነው፦ ካርታውን ማታ እዩ፤ አብሯችሁ የሚሄደውን ጎረቤት እወቁ፤ ስትጽፉ ደግሞ ሰዓቱን ጻፉ። እናንተ ሰልፉ ላይ ቆማችሁ የጻፋችሁትን አንዲት መስመር አምኖ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አለ።