ካርዱ ቶሎ ሲያልቅ፦ መብራትዎ የት እንደሚሄድ በራስዎ ይፈትሹ

የሞሉት ካርድ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅ ጥርጣሬው ወዲያው ጎረቤት ላይ ያርፋል። ከሰው መስመር ቀጥሎ የሚጠቀም አይጠፋም። ያረጀ ፍሪጅ ወይም የተላጠ ሽቦም ግን ያንኑ ያህል ሊያስከፍል ይችላል። ከሰው ከመቀያየምዎ በፊት ቆጣሪውን ይመርምሩ።

1. የራስዎን ፍጆታ ይገምቱ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

2. ሁሉንም ይንቀሉ። መብራቶቹን ያጥፉ፤ ፍሪጁን፣ ዲኮደሩን፣ ቻርጀሩን ሳይቀር ከሶኬት ያውጡ። ብሬከሮቹን ግን ገና አይንኩ። ፍተሻውን ቀንም ማታም ያድርጉት፤ ማታ ብቻ የሚወሰድ መብራት ቀን አይታይም።

3. የቆጣሪውን ቀይ መብራት 15 ደቂቃ ይከታተሉ። ብልጭ ድርግም ካለ ኃይል እየተወሰደ ነው። ሳይቆራረጥ በርቶ ከቆየ በብዙ ቆጣሪዎች ላይ ፍጆታ የለም ማለት ነው።

4. ብልጭታውን ያስሉ። ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ ቆጣሪው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1600 ሆኖ በ15 ደቂቃ 40 ብልጭታ ከቆጠሩ በሰዓት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ሌት ተቀን ከቀጠለ በወር 72 ይሆናል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታዎ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

5. ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ብልጭታው ከቆመ ችግሩ ከብሬከሩ በኋላ ባለው መስመር ላይ ነው። ትንንሾቹን ብሬከሮች አጥፍተው ዋናውን ይመልሱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያበሩ ብልጭታው የሚጀምርበትን ይለዩ፤ የሰርቪስ ቤት መስመር ካለ ይጠርጥሩ። ብልጭታው ካልቆመ ግን ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ የተቀጠለ ሽቦ አለ ወይም ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቷል።

6. ሽቦ አይቁረጡ፣ የቆጣሪውን እሽግ አይክፈቱ። በዘፈቀደ የተቀጠለ ሽቦ ሰው ይገድላል፣ ቤት ያቃጥላል። የብልጭታውን ቪዲዮ፣ ሰዓቱንና የቆጣሪ ቁጥርዎን ይዘው በ905 ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ። የውስጥ መስመር ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

መስመሩ ወደ ተከራይ ቤት ከወሰደዎት በእርጋታ ያነጋግሩት። ሽቦውን የዘረጋው አከራዩ ሊሆን ይችላል፤ ተከራዩም በማን ቆጣሪ እንደሚጠቀም ላያውቅ ይችላል። የቆጠሩትን አሳይተው ሦስታችሁም ስለ ሂሳቡና ስለ መስመሩ መለየት ተነጋገሩ።